በመፀው በቡድን ወደ ተራራ፦ ከኋላ የቀረው ሰው ጤና

ኅዳር በገባ በሁለተኛው እሑድ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ሃያ ሁለት ሰዎች ተሰብስበን ሁለት ሚኒባስ እንጠብቃለን። ብርዱ እጅ ከኪስ አያስወጣም። ከመካከላችን የባንክ ሠራተኞች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ፣ ነጋዴ ባልና ሚስት፣ እንዲሁም በጡረታ የተገለሉ የ61 ዓመት መምህር አሉ። መምህሩን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። መዳረሻችን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ከደኑ ተነሥተን ወደ ወጨጫ ተራራ አቅጣጫ እንወጣና በሌላ መንገድ ዞረን እንመለሳለን።

ቀኑ ያማረ ነበር። ጽዱ፣ ዝግባውና ወይራው ክረምቱን ጠግቦ ጠጥቶ ለምልሟል፤ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ሦስት ሰዓት ያህል እንደተጓዝን ግን ጋሼ ከኋላ ቀሩ። ወጣቶቹ ከፊት ሆነው «ጋሼ፣ በርቱ እንጂ!» እያሉ ቀለዱ። መልስ የለም። አንዱ ተመልሶ ቦርሳቸውን ሊቀበላቸው ሲል «ተወኝ!» ብለው ጮኹበት። በጠባያቸው እንዲህ ያሉ ሰው አይደሉም። ነፋሱ እየቀዘቀዘ ሳለ ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አብዛኞቻችን የደከማቸው መሰለን፤ «ትንሽ ይረፉ፣ ውሃ ስጧቸው» አልን። ነርሷ ከፊት ሮጣ መጣችና አጠገባቸው ተንበርክካ የጠየቀቻቸው ግን ሌላ ነበር። «ጋሼ፣ ጠዋት ምን በልተዋል?»

ምንም አልበሉም። በመኪና ሲጓዙ ሆዳቸውን ስለሚያውካቸው ስኳር የሌለው ሻይ ብቻ ጠጥተው ነው ከቤት የወጡት። የስኳር መድኃኒታቸውን ግን እንደወትሮው ውጠዋል። የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ደግሞ ከሃያ አንዳችን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ነርሷ ከአንዲት ልጅ ቦርሳ የተገኘ ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ ቀስ እያለች አጠጣቻቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጋሼ ቀና ብለው ዙሪያቸውን አዩና «ምን ሆኜ ነው?» አሉ። የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ ይህች ሩብ ሰዓት ናት።

በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መፀው ይባላል። (ብዙዎቻችን ጸደይ እንለዋለን፤ ጸደይ ግን በአቆጣጠሩ መሠረት ከመጋቢት 26 በኋላ ነው የሚገባው።) ዝናቡ ያባራል፣ ጭቃው ይጠጥራል፣ አየሩ ይጠራል። ከአዲስ አበባ ወደ እንጦጦ፣ ወደ የረር፣ ወደ ወጨጫ፣ ወደ ዝቋላ ወይም ራቅ ብሎ ወደ ወንጪ የሚጓዙ የእግር ጉዞ ቡድኖች የሚበዙትም በእነዚህ ወራት ነው። በመሥሪያ ቤት፣ በሰፈር፣ በጓደኛሞች የተሰባሰቡ ናቸው። ልማዱ የሚበረታታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ምክር አንድ ዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ያሳስባል። ምክሩ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባቸውንም ይጨምራል። ስለዚህ ጋሼ ተራራ መውጣታቸው ስሕተት አልነበረም። ሐኪማቸውም «ይራመዱ» ብሏቸዋል። የተሳሳተው ባዶ ሆድ፣ መድኃኒትና ዳገት በአንድ ጠዋት መገናኘታቸው ነው።

ስኳር በደም ውስጥ ሲያንስ

ስለ ስኳር ሕመም ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው ስለ ስኳር መብዛት ነው። በጉዞ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው የሚጥለው ግን ማነሱ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል። ጤነኛ ሰው ላይ ጉበት የተጠራቀመውን እየለቀቀ፣ ቆሽትም ኢንሱሊኑን እየቀነሰ ሚዛኑን ይጠብቃሉ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋፋ ክኒን የሚወስድ ሰው ላይ ግን መድኃኒቱ ምግብ ተበላም አልተበላም ሥራውን ይሠራል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ይህን ችግር የሚያመጣው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ» ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ የትኛውን እንደሚወስድ ስሙን ማወቅ አለበት።

የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲወርድ ሰውነት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረኃብ ይመጣል። ችግሩ ዳገት የሚወጣ ሰው ሁሉ ያልበዋል፣ ልቡም ይመታል። ምልክቶቹ ከድካም ጋር ይመሳሰላሉ። ለዚህ ነው ከላቡ ይልቅ ጠባዩን ማየት የሚጠቅመው። ዝምተኛው ሲለፈልፍ፣ ጨዋታ ዐዋቂው ዝም ሲል፣ ትዕግሥተኛው ሲቆጣ፣ የተጠየቀውን ትቶ ሌላ ሲመልስ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ሲደናቀፍ አንጎል ስኳር እያጠረው ሊሆን ይችላል። ሰካራም የመሰለ ነገር ይታይበታል። ጋሼ «ተወኝ!» ብለው ሲጮኹ የተናገረው ሕመሙ ነበር። እኛ ግን ቅር አለን።

በዚህ ጊዜ መደረግ ያለበት ቀላል ነው። ሰውየው ይቀመጥ። መዋጥ የሚችል ከሆነ 15 ግራም ያህል ስኳር ይሰጠው፤ ይህም ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ተበጥብጦ ወይም ከግማሽ ጠርሙስ ያልበለጠ ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ ማለት ነው። ስኳር የሌለው ተብሎ የሚሸጠው ለስላሳ እዚህ ላይ አይጠቅምም። 15 ደቂቃ ጠብቆ ለውጥ ከሌለ መድገም ነው። ሲሻለው ዳቦ፣ ቆሎ ወይም በሶ ይብላ፤ አለበለዚያ ስኳሩ ተመልሶ ይወርዳል። ቸኮሌትና ቅባት የበዛበት ነገር ለመጀመሪያ እርዳታ አይሆንም፤ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም ነገር አይጨመርም። በጎኑ አስተኝቶ፣ መተንፈሻው ክፍት መሆኑን እያዩ፣ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ማድረስ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ይረሳል። ጡንቻ የተጠቀመበትን ስኳር መልሶ ለማጠራቀም ከጉዞው በኋላም ከደም ይስባል፤ ይህም እስከ 24 ሰዓት ሊቀጥል ይችላል። እሑድ ተራራ የወጣ የስኳር ሕመምተኛ አደጋው ያለፈለት በሚመስለው ሰዓት፣ ሌሊት ተኝቶ ሳለ፣ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። መለኪያ ያለው ማታ ከመኝታ በፊት ይለካ። እራት አይዝለል። የቤተሰብ ሰውም ይወቅ።

መድኃኒቱን በጉዞ ቀን ልቀንስ ወይስ አልቀንስ የሚለው ጥያቄ የሐኪም ነው። ከጉዞው በፊት ባለው ቀጠሮ «በዚህ ቀን አራት አምስት ሰዓት ልሄድ ነው» ብሎ መጠየቅ ነው። በራስ ግምት መተው ስኳሩን በሌላው አቅጣጫ ያበላሻል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ ቅዳሴ አስቀድሰው ምንም ሳይቀምሱ በቀጥታ ወደ ጉዞ የሚመጡ አባላትም አሉ። ስኳርን የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዲህ ባለ ቀን ሳይበላ ዳገት መጀመር የለበትም። መኪናው ሩብ ሰዓት ቢጠብቀው ተራራው የትም አይሄድም።

ለምን አልተናገሩም?

ጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳቦ እየገመጡ የተናገሩት ነገር ከሁሉም በላይ አሳሰበን። «ብነግራችሁ ይዛችሁኝ አትወጡም ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። ቡድናችን የሚመራው በፈጣኖቹ ነበር። ከፊት ያሉት ጫፍ ላይ ደርሰው ይቀመጣሉ፣ ያርፋሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። የመጨረሻው ሰው እያለከለከ ሲደርስ «እንግዲህ ሁላችንም ደረስን» ተብሎ ይነሣል። ስለዚህ ብዙ ማረፍ የሚያስፈልገው ሰው ከሁሉ ያነሰ ያርፋል። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ «እኔ ሕመም አለብኝ» ብሎ የሚናገር የለም። ይደብቃል፤ ለመድረስ ይፍጨረጨራል፤ ውሃ ለመጠጣት እንኳ አይቆምም።

ይህን ለማስተካከል ገንዘብ አያስፈልግም። መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ከፊት፣ ጠንካራና ታጋሽ የሆነ ሌላ ሰው ከሁሉም ኋላ ይሁን። ከኋላው ያለው ሰው ማንንም አይቀድምም። ሌላው ሁሉ በሁለቱ መካከል ይጓዛል። የጉዞው ፍጥነት የሚለካው በዝግተኛው ነው። ዕረፍት የሚቆጠረውም የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ሁሉ ቆሞ መቁጠር፤ ሃያ ሁለት ከሆንን ሃያ ሁለት። የኛ ቡድን ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ያደርጋል። መጀመሪያ ያጉረመረሙት ወጣቶቹ ነበሩ።

የጤና ነገር በአደባባይ አይጠየቅም። አስተባባሪው ወይም በቡድኑ ውስጥ ያለ የጤና ባለሙያ ከጉዞው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ በስልክ ለብቻ ይጠይቅ። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ፣ የአስም፣ የሚጥል በሽታ አለ ወይ? የሚወስዱት መድኃኒት ምንድን ነው? የት ኪስ ውስጥ ይገኛል? ችግር ቢፈጠር ለማን ይደወል? መልሱ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ በሁለት ሰዎች እጅ ቢሆን በቂ ነው። ጠያቂው «ይህን የምጠይቅዎ ላስቀርዎ ሳይሆን ልጠብቅዎ ነው» ማለትን አይርሳ፤ ካልተባለ ማንም እውነቱን አይናገርም።

ትንፋሽና ከፍታ

አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ነዋሪዋ ለከፍታ እንግዳ አይደለም። ቢሆንም ወጨጫ ጫፉ ከ3 ሺህ 300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት፣ ስለዚህም በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን፣ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ ሦስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ሳንባና ልብ ያንኑ ሥራ ለመሥራት መፍጠን አለባቸው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ ወንድም ወይም እኅት ሲኖር ደግሞ ጉዳዩ ይለያል። ትናንት በአውሮፕላን የገባን ሰው ዛሬ ተራራ ይዞ መውጣት ተገቢ አይደለም። ጥቂት ቀን አዲስ አበባ ላይ ይሰንብት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ከጀመረው መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ፍጥነታችን ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሰዓት የሚመስለው መለኪያ አያስፈልግም። እየሄዱ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ከተቻለ ፍጥነቱ ደህና ነው። ሁለት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ መሳብ ካስፈለገ በዝቷል፤ ይቀንስ። ይህ መንገድ በተለይ ለአንዳንድ የደም ግፊት ታካሚዎች ከልብ ምት ቆጠራ ይበልጥ ያስተማምናል። እንደ አቴኖሎል ያሉ መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚያዘገዩ፣ ሰውየው ከአቅሙ በላይ እየሠራ ምቱ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። ሽንት የሚያሸኑ የግፊት መድኃኒቶችን የሚወስዱ ደግሞ ፈሳሽ ቶሎ ስለሚያልቅባቸው ሲነሡ ሊያዞራቸው ይችላል። መድኃኒቱን «ዛሬ ሽንት እንዳያስቸግረኝ» ብሎ መተው የተለመደ ስሕተት ነው። ግፊታቸው ከቁጥጥር ውጪ የሆነባቸው ሰዎች መጀመሪያ ግፊታቸው ይረጋጋ፤ ተራራው በሚቀጥለው ወር አለ።

ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ ትከሻ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ ያለበት ከሆነ ጉዞው እዚያው ያበቃል። «ጨጓራዬ ነው» የሚለውን ቃል በተራራ ላይ አትመኑት። ሴቶችና የስኳር ሕመምተኞች ላይ የልብ ድካም ያለ ደረት ሕመም፣ በድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና በከባድ ድካም ብቻ ሊመጣ ይችላል። ሰውየው ይቀመጥ፣ ይሸፈን፣ ዳገትም ቁልቁለትም በእግሩ አይሂድ። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራል። በደን ውስጥ ግን የስልክ ኔትወርክ ስለሚጠፋ፣ ከመነሣታችን በፊት መኪና እስከየት ሊገባ እንደሚችልና የቅርቡ ጤና ጣቢያ የት እንዳለ ከአካባቢው ሰዎች መጠየቅ ይገባል።

አስም ያለባቸው የሚነፋውን መድኃኒታቸውን በኪሳቸው ይያዙ። መኪናው ውስጥ የቀረ መድኃኒት የለም ማለት ነው።

ሰዓቱን መቁጠር

ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው ስሌት ዛሬም ያገለግላል። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። 12 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 600 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል ማለት ነው። ይህ ግን ለጠንካራ ሰው፣ ያለ ዕረፍት ነው። የተለያየ ዕድሜ ባለበት ቡድን ቢያንስ ግማሹን ያህል ጨምሮ፣ የምሳና የዕረፍት ሰዓትን ደምሮ፣ ስድስት ሰዓት ብሎ ማሰብ ይሻላል። ጠዋት 2 ሰዓት የተነሣ ቡድን 8 ሰዓት ላይ ይመለሳል። በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ቢሆንም ደን ውስጥ ቀደም ብሎ ይጨልማል። የመመለሻ ሰዓት ከመነሻው ተወስኖ፣ ጫፍ ተደረሰም አልተደረሰም በዚያ ሰዓት መዞር ነው። ያልተደረሰበት ጫፍ ማንንም አልገደለም።

ጉልበት የሚታመመው ሲወርዱ ነው

ብዙ ሰው ዳገቱን ፈርቶ ቁልቁለቱን ይንቃል። ዳገት የሚፈትነው ልብንና ሳንባን ነው፤ ቁልቁለት ግን ጉልበትን። በሚወርዱበት ጊዜ የጭናችን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ያቆማል፤ በእያንዳንዱ እርምጃም ጉልበት ላይ ከሰውነታችን ክብደት የሚበልጥ ጫና ያርፋል። ሮጦ መውረድ ይህን ያባብሰዋል። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ የሚያቅተን፣ ሽንት ቤት መቀመጥ የሚያስጨንቀን ከዚሁ የተነሣ ነው። ይህ ሕመም የጡንቻ ድካም ስለሆነ በቀናት ውስጥ ይለቃል፤ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይረዳዋል። ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ግን ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አባቶቻችን የሚይዙትን ዱላ እናስታውስ። ብዙ ገንዘብ የሚጠየቅበት የውጭ አገር ምርኩዝ ባይኖር፣ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ዱላ ጫናውን ከጉልበት ወደ ክንድ ያካፍላል። ሁለት ቢሆን የተሻለ ነው። እርምጃን ማሳጠር፣ ጉልበትን በትንሹ ማጠፍ፣ በጣም ቀጥ ያለውን ቁልቁለት እየተጠማዘዙ መውረድ ይረዳል። ቁርጭምጭሚት ወለም ካለ ማረፍ፣ በቀዝቃዛ ነገር መያዝ፣ በመጠኑ ማሰርና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። አራት እርምጃ እንኳ መራመድ የማይችል ወይም አጥንቱ ሲነካ የሚያመው ሰው ራጅ ያስፈልገዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸት የተሰበረውን አጥንት ያፈናቅላል።

ጫማ አዲስ መሆን የለበትም። ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት በከተማ የተለበሰ፣ ሶሉ የሚቆነጥጥ፣ ከአውራ ጣት ፊት የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ያለው ይሁን። ጥፍር የሚጠቁረው በቁልቁለት ጣት ጫማውን እየመታ ነው። ተረከዝ መጋል ሲጀምር እዚያው ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ነው፤ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ዘግይቷል። የቋጠረውን ቆዳ አትቅደዱት፤ በላዩ ያለው ቆዳ ከኢንፌክሽን ይጠብቃል።

ውሃ፣ ብርድ፣ ፀሐይ

በቀዝቃዛ አየር ጥማት ስለማይሰማ ሳንጠጣ እንቆያለን። በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል፣ በትንሽ በትንሹ፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ለአምስት ሰዓት ጉዞ ሁለት ሊትር ተኩል መሆኑ ነው። በደኑ ውስጥ የሚፈሰው ምንጭ ምንም ቢጠራ በላይኛው በኩል ከብት ይጠጣበታል። ሳይፈላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ ሳይታከም መጠጣት ጃርዲያና ታይፎይድ ያስከትላል። ለስንቅ ከበሶና ከቆሎ የተሻለ ነገር አላውቅም። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ጉልበት ይሰጣል።

አየሩ በየ1 ሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በላብ የራሰ የጥጥ ካናቴራ ጫፍ ላይ ነፋስ ሲያገኘው እንደ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ አንድ ደረቅ ቅያሪና የንፋስ ጃኬት ይኑር። ፀሐዩ ደግሞ ብርዱ ይሸፍነዋል እንጂ በከፍታ ይበረታል፤ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በየ1 ሺህ ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሰፊ ባርኔጣ ይበቃል፤ ነጠላም ይሠራል።

ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች የሚወርዱ ቡድኖች ሌላ ጉዳይ አላቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ በአገራችን ዋናው የወባ ወቅት ነው፤ ወባ በብዛት የሚገኘውም ከ2 ሺህ ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው። ወደ ጅማ ወንዝ ሸለቆ ወይም ወደ አዋሽ ወርደው የሚያድሩ አጎበር ይያዙ፣ ሲመሽ እጅና እግር ይሸፍኑ። ከተመለሱ በኋላ በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ሳይሉ ደም ይመርመሩ፤ ለሐኪሙም የት እንደነበሩ ይንገሩ። አዲስ አበባ ላይ ካልተነገረው ሐኪሙ ወባን ላያስብ ይችላል።

በገበሬ ደጃፍ ሲያልፉ ውሻ ይመጣል። አይሮጥም፤ ቆሞ ባለቤቱን መጣራት ነው። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ግን ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ክትባቱ ያለበት ጤና ተቋም ይኬድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም፤ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተወሰደ ያድናል።

በመጨረሻ ስለ ሥጋ ቤቱ። የብዙ ቡድን ጉዞ የሚያበቃው መንገድ ዳር በቁርጥና በቢራ ነው። የደከመና ፈሳሽ ያነሰው ሰውነት መጀመሪያ የሚፈልገው ውሃና ትኩስ ምግብ ነው። ስኳርን የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ አልኮል ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ስለሚያደርግ፣ ከላይ ያነሣነውን የሌሊት አደጋ ያብሰዋል። ጥሬ ሥጋ ስለሚያመጣው የኮሶ ትል በዚህ ዓምድ ደጋግመን ጽፈናል፤ የሰማን ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔም ራሴ እዚያ ማዕድ ላይ ተቀምጬ ነበርና ብዙ አልናገርም።

ለመጀመር የሚያስቡ አንባቢዎቻችን በቀጥታ ወጨጫን አያስቡ። ለአራት ሳምንት ያህል በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በሰፈራቸው ፈጠን ብለው ይራመዱ። በሦስተኛው ሳምንት ደረጃ ወይም አንድ ዳገት ይጨምሩ። ከዚያ የእንጦጦ ፓርክን መንገዶች ይሞክሩ፤ ከፍታው አለ፣ መኪና ቅርብ ነው፣ ስልክ ይሠራል። ከ40 ዓመት በላይ የሆነና ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የቆየ፣ የሚያጨስ ወይም በቤተሰቡ የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ግፊቱንና ስኳሩን ይለካ፣ ከሐኪም ጋርም ይነጋገር።

ጋሼ ከዚያ እሑድ በኋላ ሁለት ጉዞ ቀሩ። አፍረው ነበር። ነርሷ ቤታቸው ድረስ ሄዳ አነጋገረቻቸው፤ ሐኪማቸውም የጉዞ ቀን መድኃኒታቸውን አስተካከለላቸው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ወደ የረር ስንወጣ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ቀድመውን ደርሰው፣ ቆመው የተቀቀለ እንቁላል በዳቦ ሲበሉ አገኘናቸው። በመኪና ሆዳቸውን እንዳያውካቸው የፊት መቀመጫው ተሰጣቸው። በጃኬታቸው የግራ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አለ። ከፊት የሚመራውም ከኋላ የሚከተለውም የትኛው ኪስ እንደሆነ ያውቃሉ። በዚያ ቀን ከኋላ እንዲከተል ተራው የደረሰው «ተወኝ!» የተባለው ወጣት ነበር፤ ከጋሼ ጋር ሙሉውን መንገድ ስለ ድሮ ተማሪዎቻቸው ሲያወሩ ነው የዋሉት። ጫፍ ላይ የደረስነው ካሰብነው ሃምሳ ደቂቃ ዘግይተን ነው።